ለእምቢታ ፈገግ ይበሉ

በባቱ ከተማ አውቶቡስ ለመሳፈር ፈገግ ማለት ግድ ነው። ከበሩ ጎን፣ ከሰው ፊት ትይዩ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ጥቁር መስታወት አለች። ተሳፋሪው ወደ እሷ ዞሮ ከንፈሩን ይገልጣል፤ ጥርሱ ይታያል፤ በሩ ይከፈታል። ከቀብር የሚመለሱ ሴቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው እንዳበጠ፣ ተራ ይዘው እየተከታተሉ ፈገግ ብለው ይገባሉ። የሚገረም የለም። የጤና ጣቢያው፣ የዳቦ ቤቱ፣ የቀበሌው በር የሚከፈተው በዚሁ መንገድ ነው። የበር ቁልፍ የሚባለውን ነገር ልጆች የሚያውቁት በተረት ነው።

ሽማግሌዎች ሲጀመር እንዲህ አልነበረም ይላሉ። ጥርሱ የተበላ ተማሪ ሳይብስበት እንዲታከም ተብሎ በየትምህርት ቤቱ የሚደረግ ምርመራ ብቻ ነበር። ወላጅ ይጠየቃል፣ ወላጅ ይፈቅዳል፣ ልጁ አፉን ይከፍታል። እያደር ጥርስ ብዙ ነገር እንደሚናገር ታወቀ፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የየት አገር ውሃ እየጠጣ እንዳደገ፣ መቼ እንደተራበ። ምርመራውም ከሕክምና አልፎ ሄደ። መጠየቁ ግን አልቀረም። ሕጉ ዛሬም «ያለ ወላጅ ፈቃድ የልጅ አፍ አይከፈትም» ይላል።

ፋናዬ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ከአሮጌው የጀልባ ማቆሚያ አጠገብ ነው፤ ሐይቁ ከሸሸ ወዲህ ማቆሚያው ደረቅ መሬት ላይ ቀርቷል። ባሏ ጉደታ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ልጁን ሳያይ ሞተ። እሷም ልጇን ሚልኪን ለብቻዋ እያሳደገች ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው ይህን ነው።

ሚልኪ ሁለተኛ ክፍል በገባች በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ የፊት ጥርሶቿ በቀሉ። ነጭ ነበሩ።

ባቱ ውስጥ ነጭ ጥርስ የመጤ ጥርስ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ እዚያ የተወለደውን ሁሉ ጥርስ ያበላሻል፤ የአንዱን ቢጫ፣ የአንዱን ቡናማ፣ የአንዱን የዛገ ቆርቆሮ ያስመስለዋል። ማጣሪያ በየጊዜው ይተከላል፣ በየጊዜው ይበላሻል። ልጅ በሕፃንነቱ የጠጣው ውሃ ድዱ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና የወተት ጥርሱ ሲነቀል ብቅ ይላል። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ሚልኪን ከብበው አፏን አዩ።

«ወተት ጠጥተሽ አልዋጥሽውም እንዴ?» አለቻት አንዷ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚልኪ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቤት ውስጥም፣ ከፋናዬ ጋር ብቻዋን ስትሆንም።

ፋናዬ ይህ ቀን እንደሚመጣ ታውቅ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰዉ እስካሁን «ያ ሙቀት» እያለ የሚጠራው ሳምንት ከተማዋ ላይ ወርዶ ነበር። ሕፃናት በትኩሳት ነደዱ። በዚያው ሳምንት ዝናብ የከዳው የደጋ ሕዝብ የጫኑ መኪኖች በባቱ በኩል ወደ ደቡብ ያልፉ ነበር፤ የታመመባቸውን ጤና ጣቢያው በር ላይ እያወረዱ። ያኔ አራት ዓመቷ የነበረችው ሚልኪ እዚያ ገብታ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሞተች። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ከሌሎቹ ጋር ወሰዳት። የሚመዘግብ ሰው አልነበረም። ፋናዬ አግዳሚው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

ረፋድ ላይ ተረኛዋ ተቀየረች። አዲሷ ነርስ አንዲት ልጅ በእጇ ይዛ ወጣችና «የሚልኪ ጉደታ እናት!» ብላ ተጣራች። «እንኳን ደስ ያለሽ። ትኩሳቷ ወርዷል፣ ውሰጃት።»

ፋናዬ ልጅቷን አየቻት። ጭንቅላቷ የተላጨ፣ ከንፈሯ በጥም የተሰነጣጠቀ፣ የሚልኪ እኩያ። ከመኪኖቹ ከወረዱት አንዷ ነበረች። እናቷ ጥግ ያለው አልጋ ላይ ነበረች፤ አልጋው አሁን ባዶ ነው። ልጅቷ እጇን ዘረጋች። ፋናዬ ያዘቻት። የሆነው ይኸው ነው። ነርሷ አልጠየቀችም፣ ፋናዬ አልተናገረችም፣ ልጅቷም አላለቀሰችም። አውቶቡሱ በር ላይ ፋናዬ ፈገግ አለች፤ ተከፈተላቸው።

ሰፈርተኛው በዚያ ሰሞን የየራሱን ልጅ ይቀብር ነበር። «ትኩሳቱ መልኳን ለወጠው» አሉ፤ ሌላ ነገር ያለ የለም።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ሟቿ ሚልኪ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ የመጀመሪያውን ምርመራ አድርጋ ነበር። ያኔ ፋናዬን ፈቃድ የጠየቃት ድምፅ ነው፤ በትምህርት ቤት ግድግዳና በወላጅ ስልክ የሚናገረው፣ ራሱን «እንክብካቤ» ብሎ የሚጠራው ድምፅ። ፋናዬ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም «እሺ» ብላው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሚልኪ ልደት በየዓመቱ አንድ ምስል ይልክላታል። ምስሉ ልጅቷ አሁን ባለችበት ዕድሜ ጥርሷ ሊመስል የሚገባውን ያሳያል። ከአፍንጫ በላይ የለም። ከአገጭ በታች የለም። የሚስቅ አፍ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ምስል የመጣ ዕለት ፋናዬ ስልኩን ጥላ ከቤት ወጥታ ነበር። በኋላ ግን ለመደችው። አፉ በየዓመቱ ያድጋል። የወተት ጥርሶቹ ወለቁ፣ ድዱ አበጠ፣ ዘንድሮ የፊት ጥርሶቹ ወጡ። እንደ ባቱ ልጅ ሁሉ ቡናማ ናቸው። አንደኛው ጥርስ በጎኑ ያለው ላይ እግሩን እንዳነባበረ ሰው ተደርቧል፤ የጉደታ ጥርስ እንዲሁ ነበር። ስልኩ ምስሉን ያሳያል እንጂ ወደ ሌላ መገልበጥ አይፈቅድም። አንድ ጊዜ በልብስ መቅደጃ ጠመኔ ጨርቅ ላይ ልትስለው ሞከረች። አፍ አልመስል አላት፤ አራገፈችው።

የሞተ ልጅ አያድግም። የፋናዬ ልጅ ግን እያደገች ነበር።

ሰኞ ጠዋት ድምፁ ደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ፋናዬ። የሚልኪ የፊት ጥርሶች ወጥተዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ለሁለተኛው ምርመራ ፈቃድዎን እንጠይቃለን። እስካሁን በእርስዎ ጥርስ ስትገባ ነበር፤ ከዚህ በኋላ በሮች በራሷ ጥርስ ይከፈቱላታል።»

«ላስብበት» አለች ፋናዬ።

«ማሰብ መብትዎ ነው። እስከ ዓርብ ካልመለሱልን ዝምታዎ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል።»

«እምቢ ብልስ?»

ድምፁ ትንሽ ቆየ። እንዲህ ሲቆይ ሰምታው አታውቅም።

«እምቢ ማለትም መብትዎ ነው። ትምህርት ቤት በአካል ቀርበው ይናገራሉ። ያን ጊዜ ስለ ልጅዎ የያዝነው ሁሉ ይጠፋል፤ ከመጀመሪያው ምርመራ ጀምሮ፣ ስሟም ጭምር።»

«ምስሎቹም?»

«ሁሉም። ያልተፈቀደልንን አፍ ማሳደግ አንችልም።»

ፋናዬ የምትሰፋውን ቀሚስ አስቀምጣ ጎረቤቷ እትዬ ዙበይዳ ዘንድ ሄደች። እትዬ ዙበይዳ ከምሥራቅ ቆላ የመጣች የእህቷን ልጅ ራህመትን ታሳድግ ነበር። አምና ሁለተኛው ምርመራ የራህመት ጥርስ ከአሳዳጊዋ ውሃ ጋር እንደማይገጥም አሳየ። ጨዋ ሰዎች መጡ። ለልጅቷ አዲስ ቦርሳ ይዘውላት ነበር። «እንደነዚህ ያሉ ልጆች ማደጊያቸው የሕፃናት መንደር ነው» አሉና ወሰዷት። መንደሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ፎቶ ግን በየወሩ ይመጣል።

«ደህና ናት?» አለች ፋናዬ።

«ደህና ናት መሰለኝ። ትስቃለች።» እትዬ ዙበይዳ ስልኳን ሰጠቻት። ራህመት አረንጓዴ ሣር ላይ ቆማ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። «እስቲ ጥርሷን እዪልኝ። በግራ በኩል።»

«ምን አለው?»

«ምንም የለውም። እኔ ቤት ሳለች ከቧንቧው ደረጃ ላይ ወድቃ ሸርፋው ነበር። ደም በደም ሆና አቅፌ አምጥቻታለሁ። አሁን ድፍን ነው።»

«አክመዋት ይሆናላ።»

«እኔም እንዲያ ነው የምለው» አለች እትዬ ዙበይዳ። ስልኩን ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችው። «እንዲያ እላለሁ።»

ፋናዬ ወደ ቤቷ ስትመለስ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆኖላት ነበር፤ የራህመት ሳቅም እሷ ስልክ ላይ እንደሚያድገው አፍ የተሠራ ነው፤ ምንም ግን አላደረገችም። ማክሰኞ ሰፋች። ረቡዕ ሰፋች። ትምህርት ቤቱ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው፣ አልሄደችም። ሐሙስ ከምሳ በኋላ በሯን ዘግታ ምስሉን ከፈተች። ዝም ካለች ልጅቷን ይወስዷታል፤ ያ አፍ ግን ይኖራል። በሚመጣው ዓመት ከጎን ያሉት ጥርሶች ይወጣሉ፤ ከዚያ መንጋጋው ይሰፋል፤ አንድ ቀን የሙሽራ አፍ ይሆናል። ውስጧ ያለች አንዲት ሴት ዓርብ ሳይታወቅ እንዲያልፍ እየጠበቀች እንደሆነ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ያችን ሴት ፈራቻት።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት የምትመጣበት ሰዓት አለፈ። ፋናዬ ልትፈልጋት ስትወጣ ከቤቱ ጀርባ፣ ከቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብላ አገኘቻት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ከፊቷ በድንጋይ የተፈጨ ጡብ አለ። ልጅቷ ጣቷን ምራቋ ውስጥ ነክራ ዱቄቱን እያነሳች ጥርሷን ትፈትጋለች። አገጯ ቀይ ሆኗል፤ ጡቡ ብቻ አልነበረም፤ ድዷ ይደማል።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

ልጅቷ ደነገጠች። አፏን ሸፈነች።

«ምን ነክቶሽ ነው ሚልኪ?»

«እንደ ሰው እንዲሆንልኝ ነው» አለች በጣቶቿ መሐል።

«ለምን?»

«እንዳይወስዱኝ። ራህመትን ሲወስዷት አይቻለሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነገ በምርመራው ይታያል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ፋናዬ ቧንቧውን ከፍታ አፏን አጠበችላት። ውሃው ቀላ፣ ጠራ፣ እንደገና ቀላ። ልጅቷ አፏን ከፍታ ዓይኗን ፋናዬ ላይ ተክላ ቆመች። ፋናዬ ያን አፍ ከዚያ በፊት ደህና አድርጋ አይታው እንደማታውቅ ገባት። ይህን ሁሉ ዓመት የምታየው ሌላውን ነበር።

ዓርብ ጠዋት አብረው ሄዱ። የምርመራው ክፍል ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጎን ያለው ነው። በኮሪደሩ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው ተሰልፈዋል፤ ቶሎ እንዲያልቅ ሁሉም አስቀድመው አፋቸውን ከፍተዋል። የሚያወራ የለም። ሲተነፍሱ ብቻ ይሰማል።

የትምህርት ቤቱ ጤና ባለሙያ ሲስተር ኢክራም ናት። ብዙ ዓመት አፍ ስታይ ስለኖረች ከሰው ጋር ስታወራ ዓይን ሳይሆን ከንፈር ነው የምታየው። ፋናዬን ከነልጅቷ ስታይ ተነሣች፤ የሰላምታ እጇን ሳትለቅ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

«ዝም ብትዪም እኮ ይሆን ነበር። ሁሉም ዝም ነው የሚለው» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «ወንበሩ ላይ ካልተቀመጠች እኔ ያየሁት ነገር የለም። ገባሽ? ከተቀመጠች ግን ያየሁትን አላየሁም ማለት አልችልም።»

«አትቀመጥም» አለች ፋናዬ።

«እምቢ ያለ ሰው እዚህ ገጥሞኝ አያውቅም። በር አይከፈትላትም። አንቺ ብትቀድሚላትም ይዘጋባታል። አንድ ነገር ብትሆንስ? አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

ሲስተር ኢክራም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየቻት። ከዚያ ከግድግዳው ስክሪን ፊት ዞር አለችላት።

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ፋናዬ» አለ እንክብካቤ። «ፈቃድዎን ለመስጠት ነው?»

«አይደለም። እምቢ ለማለት ነው።»

ኮሪደሩ ላይ አፎች ተዘጉ። ሰልፉ ጭንቅላቱን ወደ በሩ አሰገገ።

«ተረድተናል። ከመጥፋቱ በፊት ያለንን ሁሉ ለመጨረሻ ጊዜ ማየት ይፈልጋሉ?»

«አዎ» አለች ፋናዬ።

ስክሪኑ በራ። የአራት ዓመት ልጅ አፍ መጣ፤ ይህ እውነተኛው ነው፣ ያን ቀን የተነሣው። የታችኛው ከንፈር ላይ የማር ጠብታ የሚመስል ነገር አለ። ከዚያ ማደግ ጀመረ። ጥርሶች ወለቁ፣ ወጡ። የጉደታ ጥርስ ተደረበ። አፉ ልደቶቹ ካደረሱት አልፎ ሄደ፤ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጃገረድ ሆነ፣ ከንፈሩ ሞላ፣ የአዋቂ ሴት ሆነ። አላቆመም። ከፋናዬ ዕድሜ እኩል ደረሰ፣ አለፋት፤ በከንፈሩ ዳር ሽብሽብ ወጣ፣ ድዱ ሸሸ፣ ጥርሶቹ ረዘሙ። ፋናዬ የልጇን እርጅና አየች። አፉ ይህን ሁሉ ሲሆን መሳቁን አላቋረጠም።

ልጅቷ የፋናዬን ቀሚስ ጨብጣ ስክሪኑን ታያለች።

«ማን ናት?» አለች በሹክሹክታ።

«ልጄ ናት» አለች ፋናዬ።

ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ቆንጆ ናት» አለች።

«እምቢታዎን ለማረጋገጥ ፈገግ ይበሉ» አለ ድምፁ።

ፋናዬ ከስክሪኑ ጎን ወዳለችው ጥቁር መስታወት ዞረች። ከንፈሯን ገለጠች። ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ፈገግታዎ አልታወቀም። እባክዎ በድጋሚ ፈገግ ይበሉ።»

አሁንም ሞከረች። «አልታወቀም» አለ። ከስክሪኑ ላይ አሮጊቷ አፍ ትስቅባታለች። ፋናዬ መንጋጋዋን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ድንጋይ አጸናችው፤ እንባዋ እስከ ጥርሷ ወርዶ ጨው ጨው አላት። በዚያ ሁኔታ ጥርሷን አሳየች።

«ተረጋግጧል። እናመሰግናለን።»

አፉ አልከሰመም፣ አልተጨማደደም። ነበረ፤ ከዚያ አልነበረም። ግራጫው ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ፦ በዚህ ስም የተመዘገበ ልጅ የለም። ቀጥሎ ድምፁ በዚያው ደግነት የሰልፉን ተረኛ ጠራ። አንድ ሕፃን አፉን እንደከፈተ ገብቶ ወንበሩ ላይ ወጣ።

የትምህርት ቤቱ ትልቅ በር ለልጅቷ አልተከፈተም። ዘበኛው የጎኑን በር፣ ተከፍቶ የማያውቀውን፣ በትከሻው ገፍቶ በእጁ ከፈተላቸው። አውቶቡሱም ለፋናዬ ተከፍቶ ልጅቷ እግሯን ስታነሣ ተዘጋ። ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች በመስኮቱ ልጅቷን አዩዋት። ፋናዬ ወረደች። በእግር፣ ሐይቁ ትቶት በሄደው ሜዳ በኩል ለመሄድ ተነሡ።

ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ረጅም መንገድ ተጓዙ። ፋናዬ ልጅቷ ወደኋላ መቅረቷን አይታ ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ የምትጠራበት አጣች። ያ ስም ለባለቤቱ ተመልሷል። ቆማ ጠበቀቻትና ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች።

«ድሮ፣ እናትሽ ዘንድ እያለሽ፣ ማን ነበር የምትባዪው?»

ልጅቷ አልተደናገጠችም፤ ለማስታወስም አልቆየችም።

«ዘነበች።»

«አልረሳሽውም?»

«አልረሳሁትም። የተወለድኩ ቀን ዘንቦ ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

ልጅቷ ፋናዬን በመገረም አየቻት። አፏን አልሸፈነችም።

«አልጠየቅሽኝማ።»

ፋናዬ ተነሥታ ጥቂት እርምጃ ራቅ አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ፊቷን ጠረገች። ከሜዳው ማዶ፣ በጣም ርቆ፣ የቀረው ውሃ ያብለጨልጫል። እስትንፋሷ ሲመለስላት ዘወር አለችና፣ ሰው በሩቅ ያለ ልጁን እንደሚጠራ፣ ጮክ ብላ ጠራቻት።

«ዘነበች!»

«አቤት!» አለች ልጅቷ።